የአፍ መፍቻ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ አራተኛው ፎቅ፣
ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል፤ በእግር ነው የሚዘለቅ።
«ትርጉም፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል በሩ፤
ውስጥ አቶ ጌጤነህ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ ፊደል ሲቆጥሩ።

የልደት ካርዴን ወደ እንግሊዝኛ አገላበጡት፤
ስሜ በአንድ «ኤ» ነው በሁለት አሉኝ፤ «እንደ ፓስፖርቱ» ስል ጻፉት።
የአሥራ ሁለተኛ ውጤቴ፣ የዲግሪዬ ወረቀት፣
አንድ በአንድ ቋንቋቸውን ለወጡ፣ በማህተም ምት።

ቼንግዱ ነው የምሄደው፤ ካርታ ላይ አንድ ስንዝር አይሞላ፤
ቀን እማራለሁ፤ ማታ አስተምራለሁ፣ ከራት በኋላ፤
ለሰባት ዓመት ልጆች ፖም፣ ኳስ፣ ድመት እያልኩ፣
የቤት ኪራዩን በ«ኤ ቢ ሲ» ልከፍል አሰብኩ።

ከዚያ ቅጹ መጣ፤ የአስቀጣሪው ድርጅት ቅጽ፣
ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ የእሳቸው ድምፅ፦
«የአፍ መፍቻ ቋንቋ?» አሉኝ ቀና ብለው፣
«ታች ደግሞ እንግሊዝኛ ካልሆነ ይቅር ይላል፤ ምን ልበለው?»

አፍ መፍቻ።
እንደ ቋጠሮ፣ እንደ ጫማ ክር የሚፈታ፣
የኔን ማን ፈታው? ስንት ጊዜ? በየትኛው ቦታ?
«የመጀመሪያ ቃልሽ ‹እምቢ› ነው» ትላለች እናቴ፤
ሁለተኛው መፈታት ግን ሰባተኛ ክፍል ነው፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ።

ቲቸር አምደብርሃን፣ የኮታቸው ክርን በጠመኔ የነጣ፣
«ምላስ ንከሱ!» ይሉን ነበር፤ «ንከሱና አየር ይውጣ!»
አራት ኪሎ፣ ሰባ ሁለት ልጅ ባንዴ ምላሱን ነክሶ፣
«ዘ» ማለት አቅቶት ሲተፋ፣ የፊተኛው ረድፍ በምራቅ ርሶ።
ቤታችን ምላሱን የነከሰ ሰው «ማን አነሳኝ?» ይላል፤
እዚያ ግን ምላሱን የነከሰ አሥር ከአሥር ያገኛል።

«ስኖው» ምን እንደሆነ ሲያስረዱን ሰሌዳውን በዳስተር መቱት፤
ብናኙ ሲወርድ «ይኸው፣ እንዲህ ነው» አሉ፤ እሳቸውም አላዩት።
ቦሌን የሚያውቁት ሰው ሲሸኙ ነው፤ ፓስፖርት አላወጡም፤
ስለ ለንደን ዝናብ ሊያስተምሩ ግን ያለ ጃንጥላ አይመጡም።

ባለፈው ሐሙስ አገኘኋቸው፣ ቸርችል ጎዳናን ሲወርዱ፣
አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፍቶ ሳለ ዳር ዳሩን ይዘው ሲሄዱ።
በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ፤ በአማርኛ መለስኩ፤ አፈርኩ መሰለኝ።
እዚያ ሄጄ እንደማስተምር ስነግራቸው፣ ቆመው «ምን?» አሉኝ።
«እንግሊዝኛ።»
ሳቁ። ሳቅ ይሁን ሳል አለየም።
«ልጆቹ ምላስ ያወጡብሻል፤ እንዳትቆጪ፤ ስድብ አይደለም።»

አቶ ጌጤነህ እስክሪብቷቸውን አንስተው ይጠብቃሉ።
«እንግሊዝኛ» ብል፣ አሁን የተረጎሟቸው ወረቀቶች ይመሰክራሉ።
እዚያ ያለው ናሁሰናይ «ከደቡብ አፍሪካ ነኝ በይ፣ ያልፋል» ይላል፤
«እኔ ሁለት ዓመቴ ነው የጆሃንስበርግ ልጅ ከሆንኩ፤ ሰው ይለምዳል።»
በመስኮቱ አየሁ፤ ታች ረዳቱ «ሜክሲኮ አንድ ሰው!» እያለ፣
ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ የጠየቀ የለም፤ ታክሲው ሞልቶ ኮበለለ።

«አማርኛ» አልኳቸው፤ «ሰባተኛው ላይ አማርኛ ይጻፉ።
ከሥሩ ባዶ መስመር አለ፤ ‹ሁለት ጊዜ ነው የተፈታው› ብለው ይለፉ።»
«አፍ መፍታት በእንግሊዝኛ የለም» አሉኝ፤
ግን ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ደግሞ ጻፉ።

ይቀበሉኝ አላውቅም። ካልሆነ ሳህን አጥባለሁ፣ ማታ ማታ።
ከሆነ ግን አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ፣ በማላውቀው ቦታ፣
ምላሱን ነክሶ በክፍተቱ አየር ሲያወጣ፣
እዚህ ስምንት ሰዓት ነው፤ ቲቸር ምሳ ላይ ናቸው፤
ሳያስቡት ምላሳቸውን ይነክሳሉ፣
«ደግሞ ማን ነው ያነሳኝ?» ይላሉ።

ቷ! አለ ማህተሙ። «ስድስት ገጽ፤ ዘጠኝ መቶ ብር።
ደረሰኝ ከፈለግሽ ቫት ይጨመራል።
ዝርዝር ከሌለሽ፣ ቴሌብር።»