የቀድሞ ንባብ፣ የአሁን ንባብ

ቆቦ ሳለሁ
መንገዱ እንደተዘረጋ ሰሌን ነበር፤
ማሽላው ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲገፋኝ፣
የውሃ ቆጣሪ እያነበብኩ ሮቢት ደርሼ እመለስ ነበር፣
ያችን ማርሽ አልባ ሳይክል ስረግጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይከፋኝ።

ዝውውር መጣ። ደሴ።
ደሴ ወይ ትወጫለሽ፣ ወይ ትወርጃለሽ፤
መሃል የሚባል ሰፈር የላትም።
ወደ ሆጤ ስወርድ የጮኸው ፍሬኑ ነው፣
ስመለስ እኔ።
ወርጄ ሳይክሌን ስገፋት አንድ አህያ ነጂ አዘነልኝ፦
«እቱ፣ እሷ ናት የምትጭንሽ፣ ወይስ አንቺ ነሽ?»

ከቧንቧ ውሃ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ቆርቆሮ ጥግ፣
ጋሽ አጥናፉ ፔዳሉን በእጁ አዙሮ ቆጠረ።
«ፊት አርባ አራት። ኋላ አስራ ስድስት።
ይሄ የሜዳ ጥርስ ነው፣ ሉባባ፤ ፈረስ ነው።
እዚህ የሚያዋጣሽ በቅሎ ነው።»
«ሀያ ሁለት ይግጠሙልኝ።»
«እገጥማለሁ። ግን ዳገቱን የሰጠ ሜዳውን ይነሳል፤
ባለ አንድ ጥርስ ሁለት አገር አይገዛም።
ሜዳ ላይ እግርሽ እንደ እንዝርት ይሾራል፣
መንገዱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።»

ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ በጥፍሩ ሳብ ቢያደርገው
በመሃሉ ብርሃን ገባ።
«አየሽ? ተለጥጧል። የቆቦ አቧራ በልቶታል።
አዲስ ጥርስ ባገባለት ይዘላል፤
ያረጀ ካቴናና አዲስ ፒኞን
አንድ ጎጆ አይገቡም።»

የአዲስ ካቴና ዋጋ ጠየቅኩ። ነገረኝ።
ወሩ ገና አስራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።
አንድ ረዳት «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ አለፈ፣
እኛ ዝም እንዳልን።

«አብሽሪ» አለና
ከበርጩማው ስር ጣሳ ጎትቶ አወጣ።
(ጦሳ ከላይ፣ ጣሳ ከታች፣
እኔ መሃል እጄን አጣጥፌ።)
ብሎን፣ ዳዶ፣ የተሰበረ ራጅ፣
ባለቤቱ የጠፋ ደወል፣ ግሪስ የጠጣ ጨርቅ፣
በመጨረሻ አንዲት ባለ ሀያ ሁለት፣
ጥርሶቿ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ።
«የፖስተኛው ናት፤ ኩታበርን አስራ አንድ ዓመት ወጥታበታለች።
አዲስ አይደለችም፤
ስለዚህ ትስማማላችሁ።»

ካቴናው አጠረ። ከሌላ አሮጌ አራት ዘለላ ቀጠለበት፣
ጎማውን ወደኋላ ሳበ፣ በአውራ ጣቱ ጫን፣ ለቀቅ።
«አታጥብቅ፣ አታላላ» ይላል፣
ለራሱ ይሁን ለዳዶው እንጃ።

ቀኝ እግሬ ሲወርድ፣ ግራዬ ሲነሳ፣
ቀስ እያለ ቀረበኝ፣ ደረቱ የጦሳ፤
ጉልበቴ እህ አላለም፣ ትንፋሼ አልተቋረጠ፣
አህያ ነጂው ዞሮ፣ አየኝና አፈጠጠ፤
ፈጠንኩ አልልም፣ እግረኛም ቀድሞኛል፣
ግን ሳይክሌ ላይ ነኝ፣ ይኸው ይበቃኛል።

እሁድ በሐረጎ ጥምዝ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።
ቦርከና ዳር ሜዳውን ሳገኝ
እግሬ ሾረ፣ ሾረ፤ ጋሽ አጥናፉ አልዋሸኝም።
የዳቦ ቅርጫት የጫነ ልጅ እያፏጨ አለፈኝ።
ቆቦ ቢሆን
የማፏጨው እኔ ነበርኩ።

ማታ ከመዝገቤ የኋላ ገጽ ላይ ጻፍኩ፦
የቀድሞ ንባብ፦ 16
የአሁን ንባብ፦ 22
ልዩነት፦ 6
የሚከፈል፦

እሱን ባዶ ተውኩት።
ጣሳው ውስጥ ጣያት ብባል እምቢ ያልኩባትን፣
ያችን ባለ አስራ ስድስት ጥርስ
ገጹ እንዳይገለጥ ከላዩ ጫንኳት።
ደሴ ማታ ማታ ነፋስ አላት።