ቁጥር መቶ አርባ ዘጠኝ

ስም እንኳ አልሰጧትም፤ ቁጥር ነው የጻፉባት፣
መቶ አርባ ዘጠኝ፤ በነጭ ቀለም፣ አፍንጫዋ ካለበት።
ጀርባዋ ድቡልቡል፣ ወለሏ ውሃ የማያቁር፣
ምሰሶ የላት፣ ሸራ የላት፣ የመርከብ ወግና ክብር።
በሱፒሪየር ወደብ ያያት ሁሉ ይስቅባት ነበር፤
“አሳማዋ መጣች!” ይላል ገመድ ጠምጣሚው፣ ቀበቶውን ሲያጠብቅ፤
እሷ ግን ቀይ የብረት አፈሯን ውጣ፣ ዝቅ ብላ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣
ማዕበል ሲመጣ ደረት አትሰጥም፤ ጎንበስ ብላ ታሳልፋለች፣
ውሃው በጀርባዋ ሄዶ ሲያበቃ፣ ቀና ትላለች።

አባቴ ታውኖ በምድር ቤታችን ዳግም ሠራት፤
ክንድ ተኩል አደረጋት፣
ዘጠና ስድስት ጊዜ አሳንሶ።
ጥር ነው፤ ሐይቁ ተዘግቷል፤ መስኮታችን በረዶ ለብሶ
ቀኑም ሌሊት ይመስላል።
የላም ሐኪም የጣለውን መርፌ በሙጫ ሞልቶ ይይዛል፣
ትንፋሹን ውጦ ይተክላል፤ አንዷ ጠብታ፣ አንድ ችንካር፤
ስትደርቅ ጣት ታውቃታለች፣ እንደ ሐይቅ ዳር ጠጠር።
እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ መብራት ያዥ፤ ቆጣሪ፤
ከሳትኩ፣ “ከመቶው ጀምሪ።”

ንድፍ አልነበረም። ድርጅቱ ሲከስር ወረቀቱን ምድጃ በላው፤
የተረፈን አንድ ፎቶ ነው፣ በጎኗ ወደ ውሃ ስትወረወር፣ ጭስ ጭራዋን የሸፈነው፤
የሚታየውም ቀኟ ብቻ።
“ግራዋስ?” አልኩት።
“ግራዋን አያትሽ ያውቃት ነበር። መብራቱን አቅርቢው።”

አያቴ ኤልያስ ሥራው ችንካር መደገፍ ነበር፤
ከውጭ መዶሻ ሲወርድ፣ እሱ ከውስጥ፣ በጨለማው፣ በብረቱ ሥር
ከባድ ድጋፉን በደረቱ ገፍቶ የጋለውን ራስ ይይዛል፤
እያንዳንዱ ምት በክንዱ ገብቶ በጥርሱ ይወጣል።
ሠላሳ ሳይሞላው ጆሮው ለዘላለም ታተመ፤
እኔ የማውቀው ሽማግሌ ከንፈር የሚያነብ ነው፣ ከሰው ዳር የቆመ፣
ራት ላይ ጣቱ ጠረጴዛውን የሚመታ፣ ታ፣ ታ፣ ታ፣
እሱም ሳይሰማው፣ ማታ ማታ።

አንዴ ብቻ ተናገረ፤ በሳውናችን፣ ድንጋዩ እንፋሎት ሲተፋ፤
ለአባቴ ሹክ ያለ መስሎታል፤
ጆሮ የሌለው ሰው የድምፁ ልክ ይጠፋዋል፤ ቃሉ እኔ እስካለሁበት፣ እስከ እንጨቱ ክምር ሰፋ፦
“አንዷ ቀዝቅዛ ነበር። በግራ፤ ከውሃው መስመር በታች።
ከምድጃ የሚያመጣው ልጅ ዘገየ። አለቃው ‘ምታ!’ አለ። ተመታች።”

ኅዳር ላይ ገመዷ ተበጠሰ።
ጎታቿ ዞራ ጡሩንባ ነፋች፤ ጭጋጉ አልመለሰ።
ሰባት ሰው። አንድ ኮፍያ ዳር ወጣ፤ የማን እንደሆነ አልታወቀ።
መርማሪው “ማዕበል” ብሎ ጻፈ፤ መዝገቡም በዚያው አለቀ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ይኼኛው አላሳሳቀም።
ሆድ ይፍጀውም ይላሉ፤
ሆድ ብረት አይፈጅም።

አሁን በወደቡ ሙዚየም፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናት።
ዴልማር የሚባል ጡረተኛ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አቧራ የሚያራግፍላት፣
ባለፈው ጠራኝ፤ አጉሊ መነጽሩን በግራ ጎኗ ደቅኖ፦
“አየሽ፣ እዚህ አንድ ይጎድላል። ወድቆ ይሆን? ወይስ በኖ?
አንድ ጠብታ ሙጫ ልጨምርበት?”

ጣቴን ሰድጄ ዳበስኩ። ጠጠር፣ ጠጠር፣ ጠጠር፤
ከዚያ ልስልስ ቦታ፤ የስንዴ ቅንጣት የማታክል አገር።
ትዝ አለኝ ያ ሌሊት፤ “አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አንድ” ስለው፣
“አሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊ” ያለው።
ያኔ ቁጥር የሳተ መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ዓይኑ ደክሞት ነው ብዬ ማርኩት፤
አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩት።

ዴልማር መርፌውን አዘጋጅቷል፤ ሙጫው ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል።
“ተወው” አልኩት፤ “ልጁ እየመጣ ነው፤ ትንሽ ዘግይቷል።”
የምን ልጅ አላለኝም።
ወደ በሩ ዞሮ አየ።