በተውሶ ወገብ

በርገን፣ ሐሙስ ጠዋት፤ ዝናቡ እንደ ልማዱ፣
ከባቡር ፌርማታ እስከ ክሊኒኩ ደጅ ጅረት ሆኗል መንገዱ።
ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ በሰዓት ነው የምከፈለው፤
«አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤ ‹እሳቸው› ሳይሆን ‹እኔ› በይ» ነው ሕጉ የሚለው።
አቶ ጓንጉል «ወገቤን» ሲሉ እኔም «ወገቤን» እላለሁ፤
በሰው አጥንት፣ በተውሶ ወገብ፣ ሠላሳ ደቂቃ እታመማለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሳልሞን ሣጥን አነሡ፣
ሃያ አምስት ኪሎ ከነበረዶው፤
አንዱን አስቀምጠው ቀና ሳይሉ ለሌላው እየጎነበሱ።
ጫማቸው ክር የለውም፤
ጎንበስ ብሎ ማሰር ከቀረ አራት ክረምት አለፈ፣ ማንም ግን አላየውም።

ዶክተር ሲሪ «ሕመሙ ምን ይመስላል?» አለች።
«ውጋት ነው፤ ከዳሌዬ ተነሥቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል፤
አንዳንዴ ቁርጥ ያደርገኛል፣ አንዳንዴ ያዝ ለቀቅ ይለኛል።»
ለ«ያዝ ለቀቅ» በሰው አገር ቃል ፈልጌ አጣሁ፤
እጄን ጨበጥኩ፣ ፈታሁ፤ በጣቴ ተርጉሜ ከጉዱ ወጣሁ።
«ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?»
«ተማሪ ነው እንዴ ነጥብ የምሰጠው?» አሉ፤ እሱንም ተረጎምኩት።
ቆይተው «ስምንት» አሉ፤ ሁለቱን ለባሰ ቀን አስቀሩት።

ከዚያ የመርፌው ነገር ተነሣ።
ስቴሮይድ፤ በራጅ እየታየ፣ ከአከርካሪው ጎን፣ ነርቭ ከሚወጣበት።
«ቁጣውን ያበርደው ይሆናል፤ ይሆናል ነው የምልዎት።
ለአንዱ ይበጃል፣ ሌላውን አይነካውም፤
ቢበጅም ለሳምንታት ነው፤ ያረጀውን ዲስክ አያድሰውም።»
«ይሆናል»ን ሁለቴ አለች፤ ሁለቱንም ሳልሸራርፍ አደረስኩ፤
የተስፋ ጆሮ ጠባብ ነው፤ አንዷም ስትገባ አላየሁ።

እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። በእኛ ቋንቋ ግሱ አንድ ነው፦
ሕመሙም ይወጋል፣ መርፌውም ይወጋል፤
እሾህም፣ ጦርም፣ ሐኪምም።
«ልትወጋዎት ነው» ልበል? ወይስ «ልትወጋልዎት»?
ምሕረት ሁሉ በአንዲት «ል» ላይ ተንጠለጠለች።
«ውጋቱን ትወጋልዎታለች» አልኩ።
«እሾህን በእሾህ» አሉና ሸሚዛቸውን ገለጡ።

ግንቦት ላይ ተመለሱ። ዝናቡ ያው ነው።
ሕጉ ከውጭ አታውሩ ይላል፤ የመጠበቂያው ወንበር ግን ጠባብ ነው።
«አምስት ሳምንት» አሉኝ በሹክሹክታ፣
እንደተሰረቀ ዕቃ፣ ባለቤቱ እንዳይሰማ።
በሦስተኛው ቀን የእግራቸውን ጥፍር በራሳቸው እጅ ቆረጡ፤
በሁለተኛው ሳምንት ባለ ክር ጫማ፣ ቡናማ፣ በቅናሽ ገዙ።
አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጎንበስ ብለው አሰሩ፣ ሁለት ጊዜ ቋጠሩ፤
አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ፤
ፈተው እንደገና አሰሩ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሲያስነጥሱ ተመለሰ፤
ቤቱን ያውቃል፣ ሳያንኳኳ ገባ፤ የለመደው ወንበር ላይ ደረሰ።
ጫማው ዛሬም ያው ቡናማው ነው፤
ክሩ ወደ ውስጥ ተጠቅጥቋል።

«አሁንስ ስንት ነው?»
«ሰባት።»
ዶክተሯ ጻፈች። ከስምንት ወደ ሰባት፤ ያን ያህል አልሠራም፣
ይደገም አይደገም ታስባለች። ማያ ገጹ ላይ ለጫማ ቦታ የለም።
እሳቸው ዝም አሉ። እኔ ግን አፌ በተውሶ የለመደ፣
«አምስት ሳምንት» አልኩ፣ «አምስት ሳምንት ጫማዬን አሰርኩ፤
ሁለት ጊዜ ቋጥሬ።»

የዶክተሯ ጣት ከቁልፎቹ ላይ ቆመ።
ዝቅ ብላ ጫማ አየች፤
መጀመሪያ የእኔን፣ ዝናብ የጠጣውን ቦት፤
ቀጥላ የእሳቸውን።

«ምን አልሻት?» አሉ አቶ ጓንጉል።
«ምንም» አልኩ፤ «የእርስዎን ነው ያልኳት።»