ቀኝ እጄ ከግራዬ ጋር

ፀሐይ ከኅዳር ወዲህ ፊቷን አላሳየች፣
ደሴቷ በጥቁር ውኃ መሐል ተኝታለች፤
የዓሣ ፋብሪካውን ሒሳብ ዘግቼ ገብቼ፣
ጨው የበላውን ጓንት ምድጃ ዳር አስጥቼ፣
እኔ ጉንቮር፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣
ምንጣፍ ላይ ተዘርፍጬ እጫወታለሁ ከቤቴ።
ብቻዬን።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
ዓርብ ዓርብ ማታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣
አሥራ አንድ ልጆች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣
አራት ጆይስቲክ፣ ያውም አንዱ ስንኩል።
እንግዲህ ማን ይጨብጥ? ማንስ ቆሞ ይዋል?

ቄስ ኦድሙንድ ጠርተው፣ "ደም የማይፈስበት፣
ትንሽ ትልቁ እኩል የሚስቅበት፣
ወላጅ በሩን ቢከፍት የማናፍርበት
ጨዋታ ፈልጊ" አሉኝ፤ ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ።
ለአፍ ዳገት የለውም።

ከቤተ መጻሕፍት ተዋስኩ፣ በጀልባ አስመጣሁ፣
የሣጥን ሥዕል አምኜ ስንቴ ተሞኘሁ!
ሽፋኑ ላይ አባት ይስቃል፣ እናት ትስቃለች፣ ውሻው እንኳ ይስቃል፤
ሲከፈት ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ዘጠኙ ያዛጋል።
አንዱ ሕጉን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣
ፒዛው ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዞ አረጀ።
ሌላው የተሸነፈን ወዲያው አስወጥቶ ከዳር ያስቀምጣል፤
እሱንማ ትምህርት ቤትም ያደርገዋል።
የመኪናው ውድድር ከሁሉ የባሰ ነበረ፤
ሲግሪድ አንደኛ፣ አሁንም ሲግሪድ፣ ደግሞም ሲግሪድ፣
ቶርጌር ኮቱን ሳይዝ በበሩ በረረ።
እስከ ወደቡ መብራት ተከትዬ መለስኩት፣
ጆሮው በውርጭ ቀልቶ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤
ኮቴን አለበስኩት።

ስለዚህ አሁን ሳልፈትን አላምንም።
አንዱን ጆይስቲክ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ፣
ፉክክሩም ከራሴ፣ ከራሴ ጋር ሥራ።
ግራዬ ድሮም ሰነፍ ናት፤ ድልድይ ላይ ትወድቃለች፣
ቀኜ ዞራ ቆማ ትጠብቃታለች።
አንዳንዴ እሰድባታለሁ። አንዳንዴ ሳቄ ያመልጠኛል፤
ከግድግዳው ማዶ ማግንሂልድ ትስላለች፣
ሳትሰማኝ አልቀረችም።

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አገኘሁት።
መርከብ ነው። አራት ይቀዝፋሉ፤ ቀዛፊ ግን አያይም፣
ስክሪኑን ሁሉ ጭጋግ ለብሶት። አለቱ የተሣለው
ወረቀት ካርታ ላይ ነው፣ ሶፋው ላይ ለተቀመጠው።
የቀረው ሰባት ሰው ይጮኻል፤ መጮኽ ነው ሥራው።
ደምሬ አየሁት፤ አሥራ አንድ።
በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ዓይኔ ቀልቶ
የአንድ ሳጥን ኮድ ዓሣ ሁለቴ ጻፍኩ።

ዓርብ።
ሰባት ጊዜ ሰጠምን። በስምንተኛው፣
ሲግሪድን የእናቷ መኪና ጥሩምባ ጠርቷት ስትወጣ፣
ቶርጌር ጆይስቲኩን፣ ያንን ስንኩሉን፣ እጄ ላይ አመጣ።
"ተቀመጪ" አለኝ።
ካርታው አዲሱ ልጅ እጅ ገብቶ ነበር፤
በመስከረም ከአጋዘን አገር የመጣ፣ ባሕር የማያውቅ፣
አይሉ ይሉታል፤ አይልም አንዳች ነገር።
ካርታውን አየ፣ ጭጋጉን አየ፣ እኔን አየና
አምፖሉ እስኪወዛወዝ፦
"ግራ! ግራ! ጉንቮር፣ ወደ ግራሽ!"

ወደ ግራዬ።
ስንት ማታ ሲጣሉ ያመሹ ሁለት እጆቼ
አንድ ጆይስቲክ ላይ ተገናኙ፤
እንደ እንግዳ ተፋፍረው፣ ከዚያ ተያያዙ።

ዘግይተን ነበር፤ አለቱ መታን።
በሩ ተከፈተ። ቄስ ኦድሙንድ፣ በረዶ በትከሻቸው፣
አሥራ አንዳችን ወለል ላይ ስንንከባለል ደረሱ።
"ደም አለ?" አሉ።
"የለም፣ ውኃ ብቻ" አልኳቸው።
አይሉ ካርታውን በጉልበቱ አስተካክሎ፦
"ከመጀመሪያው" አለ።