ተሽከርካሪ

ሞልደ ላይ ዝናቡ ከጎን ነው የሚመጣ፣
ጃንጥላ የሚንቅ፣ ካፖርት ሰንጥቆ አጥንት የሚቀጣ።
ራንቬይግ ከወደቡ ቢሮ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ስክሪኗ ላይ አፍጥጣለች፤ ሻይዋ መብረዱን አታውቅ።

የጻፈችው ደንብ አጭር ነው፦ "መርከቡ ተሽከርካሪ ያሻግራል።"
በዚህ አንድ ቃል ትራክተር ይገባል፣ አውቶቡስ ይገባል፣
ዓሣ ጫኙም፣ በረዶው በጎኑ እየቀለጠ፣
ቢጫው ቮልቮም፣ ፍሬቻው ወልቆ ያገጠጠ።
መኪና የተባለ ሁሉ ተሽከርካሪ ነውና
ትንሹ ስም በትልቁ ስም በር ያልፋል በጤና።

ሰልፍ ግን ሌላ ነው።
ከእሷ በፊት የነበረው ኢንግቫል፣ ባለፈው ኅዳር፣
የታችኛውን ወለል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለውን፣ የመኪኖችን ዝርዝር
"ይህም የተሽከርካሪ ዝርዝር ነው" ብሎ ለሌላ ክፍል ሰጠ፤
ማንበብ ብቻ ቢሆን ማንም ባልደነገጠ።
ያኛው ክፍል ስሙን አምኖ፣
አርባ ቶን ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ከተተበት ጨምሮ።
ለአንዱ እውነት የሆነው ለሰልፉ ውሸት ሆነ።
ኮዱ አላጉረመረመም፤ ያጉረመረመው ብረቱ ነው፤
ጣሪያው ላይ ያለው ጭረት ዛሬም እዚያው ነው።

ሌላ ደንብ አላት፣ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው፣
ስሙን የማትጠይቀውን እንግዳ "ሀ" ብላ የምትጠራው፦
"ለማንኛውም ሀ፣ ሀን ተቀብለህ ሀን መልስ።"
ምን እንደያዘ የማያውቅ እጅ ከየቱ ይቆርስ?
አይከፍት፣ አይቀባ፣ አይለውጥ፤
አለማወቁ ነው አደራውን የሚያጸናው፣
እንደ ተቀበለው የሚያስረክበው።

የመጨረሻው ጉዞ ሊነሣ ሲል አንድ ጥቁር መኪና መጣ።
ስክሪኑ ላይ፦ ረድፍ አራት። ተሽከርካሪ። ስድስት ሜትር።
ሌላ የለም። ደንቡ ከዚህ በላይ አልጠየቀ፤
ውስጡ ማን እንደተኛ ከስሙ ላይ ረግፎ ቀርቷል፣
በሩ ላይ እንደሚራገፍ ጭቃ።

በመስኮት አየች። ኤይስታይን፣ ብርቱካናማ ካፖርት የለበሰው፣
ለሁሉም ያንኑ እጅ አወዛወዘ፦ "ቅረብ!"
ትእዛዙ አንድ፣ መልሱ ግን የየራሱ፦
ትራክተሩ አጓራ፣ ቮልቮው ተንገዳገደ፣
ጥቁሩ ሙሉ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ሄደ።
ኤይስታይን ኮፍያውን አወለቀ።
ይህን ማንም አልጻፈለትም።
መወጣጫው እስኪነሣ ራሱን ለዝናብ ሰጥቶ ቆመ።

ራንቬይግ አዲስ ዓይነት ልትጨምር ጣቷን አነሣች፣
ከተሽከርካሪ ሥር የሚውል፣ አንድ ጠባብ ስም።
ጻፈችው። አየችው። አጠፋችው።
ፊዮርዱን በትልቁ ስም ይሻገር ብላ ተወችው፤
ከቮልቮውና ከዓሣው ጋር፣ እኩል፣
ቀሪውን የሚያውቅ
ባዶ ራሱን ወለሉ ላይ ቆሟል።