ሆድ የሚለው ቃል

ከፔዳ ግቢ ጀርባ፣ ባጃጅ ከሚዞርበት፣
ሰማያዊ በር ነው፣ ማንጎ የወደቀበት።
ባሏ መምህር ነው፣ ፖሊ ያስተምራል፤
እሷን ግን የሰፈር በሽተኛ ያውቃታል።
«ሕንዷ» ይሏታል እንጂ፣ ስሟስ ነው ሳራዳ፤
ቅዳሜ ሄድኩላት፣ ይዤ ያሥር ዓመት ፍዳ፦

በፌስታል አጭቄ የክኒን ካርቶን ሁሉ፣
ሦስት የሐኪም ወረቀት፣ «ጨጓራ ነው» የሚሉ።
(ሥራዬ ፋብሪካ ነው፣ የጨርቅ ግምጃ ቤት፤
ጣቃ ስቆጥር ውዬ፣ ምሳ በዘጠኝ ሰዓት፤
አንዳንዴም ረስቼው፣ ምሳ ዕቃው ሳይከፈት
አብሮኝ ይገባል ማታ፣ ኮምጥጦ እንደ ጌታው ፊት።)

ሦስት ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳርፋ ዝም አለች፤
ከግድግዳ ማዶ ሰው የሚያወራ ይመስል አዳመጠች።
አስተርጓሚዋ ባንቺአየሁ፣ ገና ተማሪ ናት፤
ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ብዕር አፏ ውስጥ አላት።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»
«ሆዴን።»
ልጅቱ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል አለች። ቀላል።
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ሆዴ ከባሰው ወዲህ።»
ቆም አለች። ያችኑ ቃል ደገመች።
«ከማን ጋር ትበላለህ?»
«ከማንም። ከወንድሜ ጋራ ሆድና ጀርባ ነን።»
ያችኑ ቃል ብላ፣ «ጀርባ»ን ጨመረችበት፤
ሳራዳ ወገቤን ነካች፣ «እዚህ ነው?» በሚል ዓይነት።

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ፤
የታመቀው ሁሉ አፌ ላይ ተደረደረ፦
ዘጌ ያለው ጌሾ፣ ያባታችን መሬት፣
አበጀ ሸጦት ነው፣ እኔ ሳልሰማበት።
ምስክር ፈርም ሲሉኝ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜ
«ሆድ ይፍጀው» ብዬ ፈረምኩ፣ በገዛ ቀለሜ።
ይኸው፣ ሆዴን ፈጀው።
እናቴ «ሆደ ሰፊ» ትል ነበር ስታመሰግነኝ፤
ሰፊ ዕቃ ብዙ ይይዛል፤ ማን ያራግፍልኝ?

ልጅቱ ብዕሯን ነከሰች። አጭር ነገር ተናገረች።

ሳራዳም ጻፈችልኝ፦ ከሙን፣ ዝንጅብል፣ እንስላል፤
ጠዋት ማታ ሙቅ ውሃ፤ «አረቄ ይቅር» ይላል።
«ይሄማ ቤቴም አለ» አልኩኝ፣ ቅር ብሎኝ፣
ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር የምትሰጠኝ መስሎኝ።
«እኛም ቤት ያው ነው» አለች፣ ባማርኛ፣ እየሳቀች፤
ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረች፦
ለብቻህ አትብላ።

ባንቺአየሁ ሸኘችኝ፣ እስከ ማንጎው ድረስ።
«ይቅርታ ጋሼ» አለችኝ፣ ድምጿን ለስለስ፣
«የወንድምዎን ነገር አልነገርኳትም። ቃሉ ጠፋኝ።
ሆድ ያሉትን ሁሉ፣ ጨጓራ ነው ያልኳት።»
«ያን ሁሉ ስናገር ታዲያ ምን አልሻት?»
«በጣም ያቃጥለዋል።»

ቆሜ አሰብኩት። ትርጉሙ ልክ ነው።

ማታ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። እምቦጩ ደንገሉን ውጦ
ውሃው አረንጓዴ ሜዳ መስሏል፣ ትንፋሹን አምጦ።
ጀልበኛው ሞተሩን በጨርቅ ያብሳል።
«የዘጌው ነገ በስንት ሰዓት ይነሳል?»
«አንድ ሰዓት።»
«መልሱስ?»
«እሱ እንደ ሰዉ ነው።»

ፔርሙሴን ከፈትኩ፤ ከሙኑ አፍንጫዬን መታው።
ትኬት አልቆረጥኩም።
ግን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና
ከእሷ መስመር በታች፣ በገዛ ቀለሜ፣
ጻፍኩ፦ አንድ ሰዓት።