ሦስተኛው እጥበት

ቱርኩ፣ ጥር ወር። ውጪው ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች፤
ቀዝቃዛው ክፍል አራት ነው፤ ሂልካ ሙቀት ፍለጋ ገባች።
ቶርስቲ ዶቃዎቹን በቱቦ ይዞ ቆሟል፤
ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ያጥባል፣ ያሽከረክራል፣ ይደፋል።

ዶቃው ላይ አንዱ ፕሮቲን ታስሯል፣ በር ከፍቶ ይጠብቃል፤
ሌላው ይግባ፣ አይግባ፣ ከእጥበቱ በኋላ ይታወቃል።
አንዴ ማጠብ፣ የባዕድ ኮተት እንዲለቅ፤
ሁለቴ ማጠብ፣ ጥርጣሬ እንዲያልቅ፤
ሦስተኛው እጥበት ግን አይመርጥም፤
እውነቱንም ይዞ ይወርዳል፣ ለማንም አይናገርም።

ጄሉ ላይ የታየው አንድ ሰማያዊ መስመር ብቻ፤
ጎኑ ባዶ ነው፣ የወለቀ ጥርስ መቀመጫ።
«አይተዋወቁም» አለ ቶርስቲ፣ ጓንቱን እያወለቀ።
«ወይም ይተዋወቁ ነበር፤ ውሃችን ነው ያላቀቀ።»

በፎርማሊን ሞከረች፣ ጠብ አድርጋ፣
በተነካኩባት ቅጽበት እጅ ከእጅ እንዲረጋ።
ወጣ ጉዱ! ሁሉም ከሁሉም ተጣብቆ፣
አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ዘመድ ነኝ ብሎ ተደባልቆ።
ሙጫ ምስክር አይሆንም፤ ያገኘውን ያጋባል።

ደግሞ አንዱን በብዛት ደረደረች፣ ጎን ለጎን፣ እጅብ አድርጋ፤
ድር ቢያብር፣ አንበሳ እዚህ የለም፣ ድብ ያስር እንደሁ ፍለጋ።
ያዘ።
ግን በደቦ የያዘ ሁሉ ለብቻው ይይዛል ወይ?

መጋቢት ላይ የማግኔቱ ወረፋ ደረሳት፤
ምድር ቤት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ቁልፏን፣ ቀበቶዋን፣ የፀጉር ሽቦዋን በር ላይ ተወች።
እዚህ ማጠብ የለም። መለየት የለም።
ሁለቱም በአንድ ቀጭን ብልቃጥ፤ አንዱ በከባድ ናይትሮጅን ተነቅሷል፣
ሌላው የማይታይ እንግዳ ነው፤ ጠብታ በጠብታ ይጨመራል።

ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች፣ ከአውሮፕላን እንደሚታይ መንደር።
አንዷ፣ ሠላሳ አንደኛዋ ግላይሲን፣ ፈቀቅ አለች።
ሌላ ጠብታ። ፈቀቅ።
ሌላ። የጥፍር ቁራጭ ታህል፣ ፈቀቅ።
ጎረቤቶቿ ሁለቱ ተከተሏት፤
የቀረው መንደር ንቅንቅ አላለም።

ከሰከንድ ሺህኛ በላይ አይቆዩም አብረው።
ይነካካሉ፣ ይላቀቃሉ፣ ይመለሳሉ፤ ይኸው ነው።
ይህን የትኛው ዶቃ፣ የትኛው ውሃ ይታገሠው?

ጠዋት ቶርስቲ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተጠጋ።
«አሲዱ ተቀይሮ ቢሆንስ? ባዶውን ጨምረሽ አይተሻል?»
«አይቻለሁ። አልተንቀሳቀሰችም።»
ዝም አለ። ወደ መታጠቢያ ገንዳው ዞሮ
የውሃ መውረጃዋን ቀዳዳ ቆሞ አያት።
«ስንቱን ደፋሁ» አለ፤
ለቶርስቲ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

በመስኮቱ ማዶ የአውራ ወንዝ በረዶ ይሰነጠቅ ጀምሯል፤
ዳክዬዎች በስንጥቁ ዳር ይዳክራሉ።
ሂልካ ደብተሯ ላይ ቁጥሩን ጻፈች፦
ዘጠኝ መቶ ማይክሮሞላር። ደካማ።
«ደካማ» የሚለውን ሰረዘች።
ትንሽ ቆይታ
መልሳ ጻፈችው።